ግሪሳ አናት ላይ ሲመጣ

«ወፍ መጠበቅ የልጅ ሥራ ነው» የምትሉ የከተማ ልጆች፣ እስቲ መተማ ወርዳችሁ ማሽላው ሲያሽት ማማ ላይ ውጡ! አንድ ግሪሳ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ይበላል። ቀላል መሰላችሁ? አንድ ሚሊዮን ግሪሳ ከሰፈረ በቀን 100 ኩንታል ሄደ ማለት ነው።

ወንጭፍ ያስተማሩኝ የቆላ አባት ምክራቸው አጭር ነበር፦ ወፏ ወዳለችበት ሳይሆን ወደምትደርስበት መወርወር። ድንጋዩ አየር ላይ እያለ እሷ አልፋለች። አናታችሁ ላይ እስክትሆን ከጠበቃችሁ ደግሞ ወደ ኋላ ትንጋለላላችሁ፤ ሚዛን የለም። ገና ከፊት ስትመጣ ቀድማችሁ ልቀቁት። ቁም ነገሩ መግደል ሳይሆን መንጋውን ሳያርፍ መመለስ ነው።

ክላሽ ያላችሁ ግን አደራ! ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ሰማይ አይቀርም፤ ጎረቤት ማማ ላይ የሰው ልጅ አለ።