ደመወዝ የሌላት ወር

ጳጉሜንን ደመወዝተኛ አይወዳትም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በየወሩ የሚከፈለው ሰው የነሐሴን ተቀብሎ የመስከረምን እስኪያገኝ ድረስ 35 ቀን፣ በየአራት ዓመቱም 36 ቀን መታገሥ ግድ ይሆንበታል። በዚያ ላይ የበዓሉ ዶሮ፣ የልጆች ደብተር፣ የትምህርት ቤት መመዝገቢያና የደንብ ልብስ ተሰብስበው የሚመጡት በዚችው በጎደለች ወር ነው። ነርስ የሆነችው ባለቤቴ «ጳጉሜን ባዶ እጇን የምትመጣ እንግዳ ናት፤ ቤቱን አራግፋ ትሄዳለች» ትላለች።

እኔ በምሠራበት ባንክ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። መዝገባችን የሚያዘው በፈረንጅ ቀን ስለሆነ ጳጉሜን ጭራሽ የለችም፤ ቀኖቿ ሴፕቴምበር ተብለው ያልፋሉ። ከመስኮቱ ማዶ የቆመ ደንበኛ «ዛሬ ጳጉሜን ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ በእጄ የያዝሁት ማኅተም የማያውቃትን ወር ለመቁጠር ጥቂት አሰላስላለሁ።

አንባቢዬ ሆይ! ስለዚች መዝገብ ስለማያውቃት ወር፣ በተለይም ስለ 2017 ዓ.ም. ጳጉሜን ጥቂት ላጫውትህ።

ቤታችን የጥድፊያ ቤት ነው። ባለቤቴ የሌሊት ተራዋን ጨርሳ ስትገባ እኔ እወጣለሁ፤ እኔ ሒሳብ ዘግቼ ስመለስ እርሷ ቦርሳዋን አንግታ ደጃፍ ላይ እንገናኛለን። የ11 ዓመቷን ሴት ልጃችንንና የ7 ዓመቱን ወንድሟን ከትምህርት ቤት የምትቀበል፣ የምታበላና የምትመርቅ እናቴ ናት። ልጆቹ «እምዬ» ይሏታል። እናቴ የሞጣ አገር ሰው ናት። ቀድሞ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሁላችንም አውቶቡስ ተሳፍረን ወደ ሞጣ እንወርድ ነበር። ልጆቹ እሸት ሲጠብሱ፣ ጭቃ ላይ ሲንከባለሉ፣ የማያውቁትን ዘመድ ሁሉ ሲስሙ ዓመቱ ይለወጣል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን በክልላችን የተነሣው ጦርነት መንገዱን የማይታመን አደረገው። እነሆ የ2017ቱ ጳጉሜን እናቴ አገሯን ሳታይ የምታሳልፈው ሦስተኛው ሆነ።

ይህንኑ ማታ ላይ ስንነጋገር ልጄ ከደብተሯ ቀና ብላ «ታዲያ እዚሁ እንሂዳ!» አለች።

ሳቅን። እዚሁ መሄድ እንዴት ያለ መሄድ ነው? ነገር ግን ሌላ የተሻለ ሐሳብ ያመጣ አልነበረምና እዚሁ ለመሄድ ተስማማን። ፈቃድ የወሰደ ሰው የለም፤ ከሥራ በፊትና ከሥራ በኋላ ያለችው ትርፍራፊ ሰዓት ትበቃናለች አልን።

ጳጉሜን 1 ቅዳሜ ነበር። ከሰዓት በኋላ ገበያ ወጥተን ደብተር ገዛን። ስንመለስ ዝናብ አገኘን፤ ደብተሩን በነጠላዬ ጠቅልዬ በሐይቁ ዳር ከዘንባባዎቹ ሥር ሮጥን። ጣና በዚህ ሰሞን ሙሉ ነው። የክረምቱን ወንዞች ሁሉ ተቀብሎ ከፍተኛውን ልክ የሚይዘው በመስከረም አካባቢ ነው። ልጄ «ወዲያ ማዶ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጎርጎራ እንዳለ ነገርሁት። ዐይኑን አጥብቦ ቢያይ ከውኃ በቀር ምንም አላገኘም። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ መሆኑን በቁጥር ብነግረው አልገባውም፤ «ከባንክህ ይበልጣል?» አለኝ። ይበልጣል አልሁት።

እሑድ ጳጉሜን 2 ከቅዳሴ በኋላ በትንሽ የሞተር ጀልባ ወደ ደብረ ማርያም ደሴት ተሻገርን። ደሴቲቱ ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት ስፍራ አጠገብ ናት፤ ከከተማው ብዙም አትርቅ። ስንመለስ ሞተሩ ሳል ሳል ብሎት ጠፋ። ባለ ጀልባው ገመዱን ደጋግሞ ቢስብ ሞተሩ ዝም አለ፤ እኛም ቀስ በቀስ ወደ ደንገሉ ተጠጋን። ባለቤቴ የልጆቹን እጅ ያዘች፤ እናቴ ማርያምን ጠራች፤ ልጆቹ ግን እንደዚያን ቀን ተደስተው አያውቁም። በዚህ መካከል ማገዶ የጫነ ታንኳ መጣ። ቀዛፊው ሁኔታችንን አይቶ ሳቅ አለና «አይዟችሁ፣ እኔ ሞተር የለኝም፤ ስለዚህ አይጠፋብኝም» ብሎ ገመድ ወረወረልን። ታንኳ የሚሠራው ከዚያው ከሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ነው፤ ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ ይጣልና ሌላ ይታሰራል። በዘመናዊ ጀልባ ወጥተን በደንገል ታንኳ ተጎትተን ወደብ ገባን። ልጄ ይህን ታሪክ ለጎረቤት ሁሉ ተርኮታል፤ በተረከው ቁጥርም ማዕበሉ ይጨምራል።

ሰኞ ጳጉሜን 3 የሩፋኤል ዕለት ነው። በዚህ ቀን የሚዘንበው ዝናብ የተባረከ ነውና ልጆች እየተጠመቁ «አሳድገን» ብለው ሩፋኤልን ይለምኑታል። ጠዋት ገና ለሥራ ስነሣ ዝናቡ ጀመረ። ልጆቹ ከአልጋቸው ዘልለው ግቢ ወጡ። እናቴ የወረደውን ዝናብ በሳፋ ተቀበለች፤ ለሊጡም ለወጡም ጠብ ታደርግበታለች። በዚህ ጊዜ ባለቤቴ ከሌሊት ተራዋ ገባች። ዐይኖቿ ቀልተዋል፤ በዚያች ሌሊት ምን እንዳየች አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅናትም። ቦርሳዋን አስቀምጣ ከነነጭ ልብሷ ዝናቡ ውስጥ ከልጆቿ ጋር ቆመች። ልጄ «እማዬ፣ አንቺ እኮ አድገሻል!» አላት። እርሷም ፊቷን ወደ ሰማይ አድርጋ «ገና ነኝ» አለችው። እኔም ሥራ አረፈድሁ።

ማክሰኞ ጳጉሜን 4 የሆነውን አገር ሁሉ ያውቀዋል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የተመረቀው በዚያ ዕለት ነው። ባለቤቴ አዲስ ነርስ ሳለች የአንድ ወር ደመወዟን በየወሩ እያስቆረጠች ቦንድ ገዝታለች፤ ወረቀቱ ከጋብቻ ምስክር ወረቀታችን ጋር በአንድ ፖስታ ውስጥ አለ። ከሥራ ስወጣ ሁላችንም በግንቦት 2016 ዓ.ም. ወደተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሄድን። ርዝመቱ 380 ሜትር ነው። ልጆቹ በእርምጃ ለኩት፤ ቁጥራቸው ግን ሊስማማ አልቻለም።

እናቴ ክንዷን በብረቱ ላይ አሳርፋ ውኃውን ቁልቁል ስታይ ቆየች። ልጄ ተጠጋትና «እምዬ፣ ይህ ውኃ ግድቡ ጋ መቼ ይደርሳል?» ሲል ጠየቃት።

«እሱን እንጃ፣ ልጄ» አለችው። «ብቻ መጀመሪያ በእኛ አገር በኩል ያልፋል።»

እውነቷን ነው። ዓባይ ከጣና ወጥቶ በጢስ ዓባይ ይፈጠፈጥና በሞጣ አቅጣጫ በሰባራ ድልድይ ሥር ያልፋል፤ ከዚያ ጎጃምን ዞሮ፣ የደጀንን በረሃ ሰንጥቆ፣ ወደ ጉባ ይወርዳል። ይህን ካርታ በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ሐዘን እንዳለበት ግን ያስተማረኝ አልነበረም። እኛ ሦስት ዓመት ያልደፈርነውን መንገድ ውኃው በየቀኑ ይሄደዋል። ልጄ ከመንገድ የቀጠፈቻትን አደይ አበባ ለአያቷ ሰጠቻት። እናቴ አበባዪቱን ስማ ወደ ውኃው ጣለቻት። ትደርስ እንደሆነ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሳይመሽ ወደ ቤታችን ተመለስን።

ረቡዕ ጳጉሜን 5 ባንኩ እንደ ገበያ ሆኖ ዋለ። ለዶሮና ለቅቤ ገንዘብ የሚያወጣው ሕዝብ ሰልፉ በር አልፎ ነበር። ሲስተሙ ጥቂት ሲያርፍ፣ በተበላሸ የገቢ ማድረጊያ ቅጽ ጀርባ ላይ ይህችን ጻፍሁ፦

ደመወዝ የሌላት፣ ጳጉሜን ድሃ ወር፣
አምስት ቀን ሰጠችን፣ በነጻ ሳንበደር፤
አሥራ ሁለቱ ግን፣ ከፋዮች ነን ብለው፣
የልጅ ሳቅ ሳንሰማ፣ ያልፋሉ አምሽተው።

ማታ ቤት ስደርስ ሴት ልጄና እናቴ ጭቃ በጭቃ ሆነው አገኘኋቸው። በጎጃም በዐውደ ዓመቱ ዋዜማ ልጃገረዶች እንግጫ ይነቅላሉ። የሚነቀለውም መስክ ላይ ተወርዶ፣ በጨዋታና በዘፈን ነው። ሁለቱ ግን ከሠፈራችን ጀርባ ካለችው ረግረጋማ ቦታ፣ በግንብ አጥርና በአሸዋ ክምር መካከል፣ አንድ እቅፍ ሣር ነቅለው መጥተዋል። እናቴ ከአደይ አበባ ጋር እንዴት እንደሚጎነጎን ለልጄ አሳየቻት። ልጅቱ ሦስት ጊዜ አበላሽታ በአራተኛው ያዘችው። በሞጣ ከአክስቶቿ ልጆች ጋር ሆና ብታየው ኖሮ ምናልባት እንዲህ ልብ ብላ አትማረውም ነበር እላለሁ፤ ይህ መጽናኛ ይሁን እውነት ግን መለየት አልቻልሁም።

በእንቁጣጣሽ ማለዳ ልጄ እንግጫውን በየራሳችን ላይ አሰረችልን። ለቤታችን ምሰሶ እንኳ ባይኖረው ለበሩ እጀታ አሰረችለት። አንዲት ጉንጉን ግን ተረፈች። ልጄ ልትጥላት ስትል እናቴ ተቀበለቻትና ግድግዳው ላይ ባለችው ምስማር ሰቀለቻት። የሞጣው ቤት ምሰሶ ድርሻ ናት።

እስካሁን አልወረደችም። አበባዋ ረግፏል፤ ሣሩም ቢጫ ሆኗል። ባለቤቴ ግድግዳ በጠረገች ቁጥር በጥንቃቄ አንሥታ መልሳ ትሰቅላታለች። እናቴም «ደረቅም ብትሆን እንግጫ ናት» ትላለች።