የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ ሒፍዝ ብቻ አይበቃውም

ዘንድሮ የተፈጥሮ ሳይንስ ለመረጣችሁ ወንድምና እህቶቻችን፦ እኛ መድረሳ ያደግን ሰዎች የሒፍዝን ጥቅም እናውቃለን። ግን መትኑን ሐፍዞ ሸርሑን ያልቀራ ደረሳ ፈትዋ አይሰጥም። ፊዚክስም እንዲሁ ነው። «ርቀት ማለት ፍጥነት ሲባዛ በጊዜ» የሚለው ፎርሙላ የሚሠራው ፍጥነቱ ካልተለወጠ ነው። ከፎቅ የተለቀቀ ድንጋይ ግን ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ9.8 ሜትር በሰከንድ ገደማ ይጨምራል። ይህን ያላስተዋለ ተማሪ ፎርሙላውን በቃሉ ይዞም ይሳሳታል።

ስለዚህ አልጀብራና ትሪጎኖሜትሪ ቀድማችሁ ከልሱ፤ ያለ እነሱ ቬክተር አይገባችሁም። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ስዕል ሳሉ፣ መለኪያውን ጻፉ፣ «ይህ ፎርሙላ እዚህ ይሠራል ወይ?» በሉ።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። እኛም ከመግሪብ እስከ ዒሻ የምናስቀራ ሰዎች በሳምንት ሁለት ምሽት እንልቀቅላቸው። አላህ ዒልማችሁን ይጨምርላችሁ።