ሦስት አራተኛ በማርቡርግ

ማርቡርግ ዳገት ናት። ከፍራንክፈርት በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘው ሲደርሱ ግንቡ ከላይ ሆኖ ይጠብቅዎታል፤ አሮጌው ከተማ ለመውጣት ወይ ደረጃውን መያያዝ ነው፣ ወይ አሳንሰር። እኔ ጉልበቴን ስለማውቀው አሳንሰሩን መረጥኩ።

መጀመሪያ ያስደነቀኝ የትራፊክ መብራቱ ነው፤ ጠቅ ጠቅ ይላል። ቆሜ ሳዳምጠው ከጎኔ ነጭ ዘንግ የያዘች ልጅ ቀድማኝ ተሻገረች። እንደ እሷ ያሉ እዚህ ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1916፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ያጡ ወጣቶች እንዲማሩበት ብሊስታ የሚባል ተቋም ተመሠረተ፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ካርል ሽትሬል ራሱ ዓይነ ስውር ነበር። በብሬል የሚጻፈው የጀርመኖች የሒሳብ ጽሕፈትም በከተማዋ ስም ይጠራል።

ያረፍኩት ነርስ ወዳጄ ቤት ነው። ጎረቤቱ ዓይነ ስውር የፊዚክስ ተማሪ ነውና ቡና ሲፈላ ጠራነው። በወዳጄ አስተርጓሚነት ጠየቅሁት፦ ክፍልፋይ ላይና ታች ነው፣ ብሬል ግን በመስመር ይሄዳል፤ ታዲያ እንዴት ትጽፉታላችሁ?

የብሬል መጻፊያ ሰሌዳውንና መውጊያ ስታይለሱን አመጣ። ከሲኒው አጠገብ ከቀኝ ወደ ግራ ሦስት የነጥብ ቤት ወጋ ወጋ አደረገና ወረቀቱን ገልብጦ ሰጠኝ። ጣቴን ባሳርፍበት ጤፍ የፈሰሰበት ምንጣፍ ሆነብኝ። በዓይኔ ሳየው ግን ገባኝ። አንደኛው ቤት የቁጥር ምልክት ነው። ሁለተኛው ከላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ነጥቦች፣ 3። ሦስተኛው 4 ነው፣ ግን አንድ እርከን ወደ ታች ወርዷል። ላዕሉ ከላይ፣ ታህቱ ከታች! የክፍልፋይ መስመር የለ፣ ምን የለ።

«አሜሪካ ብትወስደው ግን ሌላ ነው» አለኝ። እዚያ ራሱ ዓይነ ስውር የነበረው የሒሳብ ፕሮፌሰር አብርሃም ኔሜት እ.ኤ.አ. በ1952 በታተመው ሥርዓቱ አኃዞቹን ሁሉ ወደ ታች አውርዷቸዋል፣ ከፊደል ጋር እንዳይምታቱ። ስለዚህ ያቺው የወረደች ቅርጽ አሜሪካ ሙሉ 4 ናት፣ ማርቡርግ ታህት ናት፣ በእንግሊዝኛ ድርሰት መሐል ደግሞ የዓረፍተ ነገር መዝጊያ፣ በእኛ አጠራር አራት ነጥብ። የተወጋችው በሦስት ነጥብ መሆኑ ነው እንጂ! አንድ ሥርዓት ለዓለም ቢበቃ ምን ነበረበት አልኩ። ተማሪው ሳቀብኝ፤ ሁለቱንም ያነባል።

አገር ቤት አብሮኝ የተማረ ዓይነ ስውር ጓደኛ አለኝ። የሒሳብ መምህር ሲገባ እሱ ይወጣል፤ ባሕር ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል። በቃል ስሌት ግን ማንም አይደርስበትም ነበር። ዛሬ ጠበቃ ነው። ማታ ደወልኩለትና ሦስት አራተኛን በብሬል እንዴት እንደሚጽፍ ጠየቅሁት።

«በፊደል ነዋ» አለኝ፤ «ሦ፣ ስ፣ ት፣ ከዚያ አ፣ ራ፣ ተ፣ ኛ።»