«ጎ ኦፍ» እና ባለቤቱ

«ጎ ኦፍ» የሚባለው የእንግሊዝኛ ግስ ስንቱን ተማሪ ያማርራል፤ እውነትም ያስመርራል። የማንቂያ ደወል «ጎ ኦፍ» ካደረገ መጮህ ጀመረ ማለት ነው፤ መብራት ከሆነ ግን ጠፋ። ቦምብ ይፈነዳል፤ በእንግሊዞቹ አነጋገር ደግሞ ወተት ይበላሻል። ይህን ሁሉ በዝርዝር መሸምደድ ከንቱ ድካም ይመስለኛል፤ «ኦፍ» የሚነግረን ነገሩ ከነበረበት ሁኔታ መላቀቁን ነውና፦ ደወሉ ከዝምታው፣ መብራቱ ከበራበት፣ ወተቱ ከደህናነቱ።

«ታዲያ ተማሪው የትኛው ፍቺ እንደሆነ በምን ይወቅ?» ቢባል፣ በዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ነዋ! እኛስ ብንሆን ፀሐይ ወጣች ሲባል ንጋት፣ ነፍሱ ወጣች ሲባል ሞት አይደል የሚታየን? በዚህ የሚደናገር ሰው የለም። ድግሱ በደንብ «ዌንት ኦፍ» ማለትም አማረ፣ ሰመረ ሲሉ ግን ትንታኔዬ ያነክሳል፤ እሷን መሸምደድ ነው።