የእናቴን ሲንጀር ይዤ ምናለሽ ተራ

የዛሬው ጨዋታዬ ስለ ፍቅረኛ ኩርፊያ ወይም ስለ ፀጉር ስታይል አይደለም። ስለ አንዲት አሮጌ የስፌት መኪና ነው። "ኧረ በፈጠረህ!" ብላችሁ ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት እስቲ ትንሽ ታገሡኝ።

እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት አለፋት። ዕቃዋን ስንከፋፈል ሲንጀሯ ለማንም አልደረሰችም፤ ማንም አልፈለጋትማ! እህቴ ቤት አልጋ ሥር ከረመች። ታዲያላችሁ ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ብቅ ስል በሩ ላይ ቆራሌው ቆሟል፤ መኪናዋ ደጅ ወጥታ በኪሎ ልትመዘን ነው! "ምን ታደርግልናለች? ዝጋ ቀርታለች እኮ" አለች እህቴ። ውሸቷን አይደለም፤ መሽከርከሪያዋ ንቅንቅ አይልም። እኔ ግን የቤት ሥራዬን የሠራሁት እዚያች መኪና እግር ሥር ቁጭ ብዬ ነው። የእናቴ ፎቶ እንኳ ያለን የሠርግና የመታወቂያ ብቻ ነው፤ ስትሠራ ያነሳት የለም። ቆራሌውን ይቅርታ ጠይቄ፣ የመኪናዋን ራስ ከጠረጴዛው ፈትቼ፣ በማዳበሪያ ጠቅልዬ በታክሲ ወደ መርካቶ!

ለምን መርካቶ? እናቴም የገዛቻት እዚያው ነዋ! በ1970ዎቹ፣ አሮጌ፣ በእቁብ ብር። (ለነገሩ የስፌት መኪና በየጊዜው እየከፈሉ መግዛትን እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ያስለመደው ራሱ የአሜሪካው ሲንጀር ነው። የእናቴ እቁብ ከዚያ በምን ያንሳል?) መርካቶም ብትሆን ከሌላ ቦታ ተነቅላ የተተከለች ናት። ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. ገደማ፣ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያ "የአገሬው ገበያ" ብሎ ወደዚህ አዞረው። ጣሊያን ሄደ፣ ስሙ ቀረ።

አንዋር መስጊድ ጋ ወርጄ በእግር ቀጠልኩ። "ጀርባ! ጀርባ!" እያለ የሚገፋው ተሸካሚ፣ "ምን ልስጥህ የኔ ወንድም?" የሚለው ደላላ... ስለ ሸማ ተራ ሳስብ የጥቅምት 2017ቱ ቃጠሎ ትዝ ብሎኝ ማዳበሪያዬን ጠበቅ አደረግኩ። ስንቱ የዕድሜውን ጥሪት በአንድ ምሽት እንዳጣ አስቡት።

ምናለሽ ተራ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። መዶሻ ነው! በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፣ ያለቀው ጎማ በረባሶ ይሆናል። ስሙ "ምን አለሽ?" ከሚለው የገዢ ጥያቄ መጣ ይባላል። ደጋግሜ ጠይቄ አንድ የስፌት መኪና ጠጋኝ ቤት ደረስኩ። መነጽራቸውን በክር ያሰሩ አዛውንትና አንድ ፈጣን ወጣት ነበሩ።

አዛውንቱ መኪናዋን አሸተቷት። አዎ፣ አሸተቷት! "ምን ዘይት ነው ያጠጣችኋት ልጄ?" 

"እህቴ የምግብ ዘይት አድርጋባታለች መሰለኝ።" 

"እንግዲያው አልዛገችም። ዘይቱ ሙጫ ሆኖ ነው የያዛት።"

ወጣቱ ጣልቃ ገባ። "ብራዘር፣ አንድ ጊዜ ላብለጭልጭልህ? ጥቁር ቀለም ነፍቼ፣ አዲስ የወርቅ ሥዕል ለጥፌ ከሱቅ የወጣች አስመስላታለሁ!" እኔ ደግሞ የከተማ ልጅ አይደለሁ? "አብለጭልጫት!" አልኩ።

"ቆይ" አሉ አባባ። "ማን ነበር የሚሰፋባት?" 

"እናቴ።" 

ጣታቸውን ከመርፌዋ ፊት ለፊት አሳረፉ። በሌላው በኩል ወርቃማው ሐረግ ደህና ነው፤ እዚያች ቦታ ላይ ግን ተፍቆ አልቋል። "እጇን የምታሳርፍበት ነው። ይህን ቀብተህ የማንን መኪና ይዘህ ልትገባ ነው?"

መዳፌን አስቀመጥኩበት። ከተፋቀው ቦታ የኔ እጅ ይሰፋል።

ቀለሙ ቀረ። በ800 ብር ተስማማን። አባባ ሆዷን ፈትተው የውስጥ ብረቷን በላምባ ማጠብ ጀመሩ። ከመርፌዋ ሥር ያለችውን ክዳን ሲያነሱ የታመቀ ብናኝ ወጣ፣ ልክ እንደ ተነጠፈ ሱፍ በድርብርብ። ሰማያዊው የዩኒፎርም ነው፤ ክረምት ሲያልቅ የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም እሷ ነበር የምትሰፋው። ካኪው የአባቴ ሱሪ ይሆናል። ነጩን አላወቅሁትም። "ተዉት" ልል አፌን ስከፍት ወጣቱ በብሩሽ ጠርጎ እፍ አለው! አልተቀየምኩትም፤ ሥራው ነው። ከክዳኗ ጠርዝ ላይ የቀረችውን ቁንጥር በሲጋራ ወረቀት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ።

የናንተም ቤት እንዲህ ያለች መኪና ካለች ስሙኝ። ሥዕሏን በአልኮል እንዳትወለውሉ፤ የላዩን ቫርኒሽ አሟሙቶ ወርቁን ይዞት ይሄዳል። ጥጥ በስፌት መኪና ዘይት ነከር አድርጋችሁ ቀስ ብሎ ማሸት ይበቃል። ላምባ ለውስጥ ብረቷ ብቻ! የምግብ ዘይት... የእህቴን ጉድ ሰምታችኋል። ከሁሉ በፊት ግን ጠጋኙ እጁን ሳያነሳ የማይነካውን ቦታ አሳዩት። ቁጥሯንም እዩት፣ የት እንደተሠራች ይናገራል። የእናቴ በፈረንጅ "ኢ" ይጀምራል፤ ስኮትላንድ፣ ክላይድባንክ ማለት ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1980 ተዘግቷል።

ማታ እህቴ ቤት ጠረጴዛው ላይ መልሰን አሠርናት፣ አዲሱን ቺንጋ አጠለቅን። እህቴ መርገጫውን ስትረግጥ ያ የድሮው ድምፅ ቤቱን ሞላው። ቀና ብላ አላየችኝም። "ክሩ በየት በየት ነበር የሚያልፈው?" አለችኝ ብቻ። እኔም አላውቀውም! አንድ ሰዓት ፈጀብን። በመጨረሻ የክሩን ጫፍ ልክ እንደ እናቴ በምላሷ አርጥባ አስገባችው።

የመጀመሪያ ሥራዋ የኔን ሱሪ ማሳጠር ነበር። አንዱ እግር ከሌላው በጣት ይበልጣል። ይህን የምጽፈው እሱኑ ለብሼ ነው።