የቆመ ሞተርና የተኛ ቤንዚን፦ ከአባቴ ቮልስ የተማርኩት

በዚህ ሰሞን ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ እንደምንነጋገር አውቃለሁ። ዛሬ ግን ስለ አንድ አሮጌ መኪና ላጫውታችሁ ነው። «ዲኤው ደግሞ ምን ነካው?» እንዳትሉኝ፤ መጨረሻው እናንተው የመስኖ ፓምፕ ጋ ይደርሳል። መሀሉ ላይ ደግሞ እኔ ያጠፋሁት ጥፋት አለ።

ነገሩ የጀመረው ጥር ላይ ነው። ፎገራ ውስጥ በጉማራ ወንዝ ሽንኩርት የሚያለሙ አንድ አባወራ «ፓምፔ አልነሳ አለኝ» ብለው መጡ። በቤንዚን የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ነው፤ ክረምቱን በሙሉ ቤንዚን እንደያዘ ጓሮ ተቀምጧል። እኔም ሳላየው «ጋሼ፣ አሮጌውን ይድፉና አዲስ ቤንዚን ይጨምሩበት፣ ይነሳል» አልኳቸው። እውነትም ተነሳ። ግን ግማሽ መደብ እንኳ ሳያጠጣ ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ ገመዱን ቢስቡት ቢስቡት ወይ ፍንክች። ጎረቤት ፓምፕ እስኪያውሳቸው ድረስ ሽንኩርቱ ዘጠኝ ቀን ውሃ አላገኘም። ራስ የሚይዝበት ሰዓት ነበር። ራሱ ትንንሽ ሆኖ ቀረ፣ ነጋዴውም በርካሽ አነሳው። እኔ በልቤ «ፓምፑ ድሮም አርጅቷል» ብዬ አለፍኩት።

ለፋሲካ ባህር ዳር ቤተሰቦቼ ጋ ሄድኩ። ግቢያችን ውስጥ የአባዬ ቮልስ በሸራ ተሸፍና ቆማለች። አባዬ ካረፈ ጀምሮ ከሰባት ዓመት በላይ ማንም አልነካትም። እማዬ ገዢ በመጣ ቁጥር «የሰው አደራ ነው» እያለች ትመልሳለች። ዘንድሮ ግን «ወይ አስነሳት፣ ወይ ትሸጥ፤ ዶሮ ሲፈለፈልባት ማየት ሰለቸኝ» አለችኝ።

ባትሪ ተዋስኩ፣ አምስት ሊትር አዲስ ቤንዚን ጨመርኩ፣ ቁልፉን አዞርኩ። ተነሳች! እማዬ ከቤት እልል እያለች ወጣች። ሦስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም፣ አሳላትና ጠፋች። ያኔ ነው የሽንኩርቱ ነገር ትዝ ያለኝ። ያው ምክር፣ ያው ውጤት።

ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን መካኒክ ናቸው። መጥተው ካርቡሬተሩን ፈቱና ውስጡን አሳዩኝ፤ ቀይ ጭቃ የመሰለ ነገር ሞልቶታል። «ሞተሩ ደህና ነው፤ የታመመው ሆዷ ነው» አሉኝ።

ምክንያቱን ሲያስረዱኝ ኮሌጅ የተማርኩት ሁሉ መጣልኝ። ሰልባትዮው የብረት ነው። ጎዶሎ ሆኖ ሲቆም ከቤንዚኑ በላይ ያለውን ቦታ አየር ይይዘዋል፤ አየሩ ደግሞ እርጥበት አለው። ሌሊት ሲበርድ እርጥበቱ እንደ ጤዛ ግድግዳው ላይ ይንጠባጠባል። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳልና ታች ይወርዳል፣ እዚያው ተኝቶ ብረቱን ያዝጋል። ቤንዚኑም ሲቆይ ቀለል ያለው ክፍሉ ይተንና እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይቀራል። እኔ በላዩ አዲስ ቤንዚን ስደፋበት የተኛውን ዝገት ቀስቅሼ ወደ ሞተሩ ሰደድኩት ማለት ነው። ቦይ ሲደፈርስ ከምንጩ እንጂ ከመደቡ አይጸዳም፤ እናንተ ይህን ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

ስለዚህ ከምንጩ ጀመርን። እማዬ የበዓል ቡና ልታፈላ ከሰል አቀጣጥላ ነበር፤ መጀመሪያ ምድጃውን ከግቢ አስወጣን። የቤንዚን ትነት በዓይን ሳይታይ መሬት ለመሬት ሄዶ እሳት ያገኛል። ባትሪውንም ነቀልን።

የቮልስ ሞተሩ ከኋላ፣ ሰልባትዮው ደግሞ ከፊት ኮፈኑ ስር ነው። ቤንዚኑን በጀሪካን ቀድተን ጨረስን፣ ቱቦውን ነቀልን፣ አራት ቡሎን ፈትተን ሰልባትዮውን አነሳነው። በኦሞና በውሃ ደጋግመን አጠብነው። ከዚያ አንድ ሁለት እፍኝ ዳዶ ጨምረን ለሁለት እየያዝን አንቀጠቀጥነው፤ የለቀቀው ዝገት ሲወጣ የጉድ ነበር። ዳዶዎቹን ቆጥረን አስገብተን ቆጥረን አወጣን፤ አንድም እንዳይቀር።

ለቀረው ዝገት መድኃኒቱ አቼቶ ነው። ሰልባትዮው አርባ ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ያን ሁሉ አቼቶ ማን ይገዛል? አምስት ሊትር ጨምረን አፉን ዘጋንና በየሁለት ሦስት ሰዓቱ በሌላ ጎኑ እያገላበጥን ሁለት ቀን አቆየነው። ብረቱ ነጣ። አቼቶ ከዚያ በላይ ከቆየ ጤነኛውንም ብረት ይበላልና ደፋነው፤ ቤኪንግ ሶዳ በበጠበጥንበት ውሃ አሲዱን ገደልን፣ በንጹህ ውሃ አለቀለቅን። እዚህ ጋ መዘግየት የለም፤ እርጥብ የጸዳ ብረት በሰዓታት ውስጥ መልሶ ይዝጋል። ወዲያው ጎሚስታ ቤት ወስጄ በአየር አስነፋሁት፣ ፀሐይ ላይ አደረቅነው፣ ከዚያ ትንሽ የሞተር ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን ጨምረን ሁሉም ጎኑ እንዲነካው አዟዟርነው።

ዕድለኛ ሆነን አልተበሳም። የእናንተ ተበስቶ ካገኛችሁት ግን አደራ፣ ቤንዚን የነካ ሰልባትዮ ብየዳ ቤት እንዳታስገቡ። ባዶ ቢመስልም ትነቱ ይፈነዳል፣ ሰው ይገድላል። ሌላ መቀየር ይሻላል።

ቀጥሎ መስመሩን ይዘን ወደ ኋላ ሄድን። የብረቱን ቱቦ በአየር አስነፋነው። የደረቁትን የጎማ ቱቦዎች በሙሉ ቀየርን፤ የተሰነጠቀ ጎማ የጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ካንጠባጠበ መኪናዋን ያቃጥላታል። አዲስ ፊልትሮ ከሞተሩ ክፍል ውጪ አስገባን። ካርቡሬተሩን ፈትተን በንጹህ ቤንዚን አጠብነው፤ ትናንሾቹን ቀዳዳዎች በአየር እንጂ በሽቦ አልነካንም፣ ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋዋልና። የሞተሩንም ዘይት ቀየርን። በመጨረሻ ካንዴላዎቹን አውጥተን በየቀዳዳው ጥቂት ጠብታ ዘይት ጨመርንና ሞተሩን በእጅ አዞርነው። ይህን መጀመሪያ ማድረግ ነበረብኝ።

በአምስተኛው ቀን ተነሳች። እማዬ ምንም አላለችም፤ ገብታ ድሮ የምትቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ወደ ሥራ ስመለስ መጀመሪያ የሄድኩት እኚያ አባወራ ቤት ነው። ፓምፑን አብረን ፈታነው፤ ያው ቀይ ጭቃ። «ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሳላይ ነው የመከርኩዎት» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ ዝገቱን እኮ እኔ አይቼው ነበር፤ አንተ የተማርክ ነህ ብዬ ዝም አልኩ» አሉኝ። እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። እባካችሁ፣ ያያችሁትን ንገሩን። እኛም ሳናይ አንመክርም።

አሁን ክረምት ነው፣ ፓምፑ ሊቆም ነው። የቤንዚን ፓምፕ ያላችሁ እንዲህ አድርጉ፦

አንደኛ፣ ቤንዚኑን ቀድታችሁ አውጡ። ማሳ ላይም ወንዝ ዳርም አትድፉት።

ሁለተኛ፣ በመስመሩ የቀረው እስኪያልቅ ሞተሩን አስነሱና በራሱ ጊዜ ይጥፋ። ካርቡሬተሩ ውስጥ የሚተኛ ነገር አይኑር።

ሦስተኛ፣ ሰልባትዮው ብረት ከሆነ ሁለት ሦስት ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምራችሁ ውስጡን አዳርሱት። በበጋ ስትጀምሩ በትንሽ ቤንዚን አለቅልቁት።

አራተኛ፣ ካንዴላውን አውጥታችሁ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ፣ ገመዱን ቀስ ብላችሁ ሁለት ሦስቴ ሳቡ፣ ካንዴላውን መልሱ።

አምስተኛ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ፤ ሰው ከሚተኛበትና እሳት ከሚነድበት ግን ይራቅ።

የናፍጣ ፓምፕ ያላችሁ ደግሞ በተቃራኒው ሰልባትዮውን እስከ አፉ ሙሉት፤ አየር ቦታ ካጣ ጤዛም አይኖርም።

ሥራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ያልገባችሁ ካለ ፓምፑን ይዛችሁ ወደ ማሰልጠኛ ጣቢያው ኑ። በዚህ ጊዜ ከፍቼ አይቼ ነው የምመክራችሁ። መልካም የክረምት ሥራ!