የሚድጋር ደም በማን እጅ ነው?

ፖለቲካ በሚተችበት ገጽ ላይ የቪዲዮ ጨዋታ ምን ሊሠራ መጣ የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እገምታለሁ። ይሁንና ዛሬ የማነሣው ጨዋታ ከመነሻው ፖለቲካ ነው። የኤሌክትሪክ ኩባንያ መንግሥት ሆኖ የሚገዛት ከተማ፣ ከሥሯ የሚኖር ድሃ ሕዝብ፣ ቦምብ የታጠቁ ዐመፀኞች፣ በመጨረሻም ቦምቡ ያጠፋው ሕይወት ዕዳው የማን ነው የሚል ጥያቄ ያለበት ታሪክ ነው። ስሙ ፋይናል ፋንታሲ ሰባት ይባላል። ስኩዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1997 እ.ኤ.አ. ለፕሌይስቴሽን በሦስት ሲዲ አወጣው፤ በ2020 ደግሞ ስኩዌር ኤኒክስ የታሪኩን መጀመሪያ እንደ አዲስ ሠርቶ አቀረበው። ዳግም ሥሪቱ ከዋናው ይሻላል ወይስ አይሻልም የሚለው ክርክር ከዚያ ወዲህ አልበረደም። እኔም የበኩሌን ልበል።

ጨዋታውን ለማያውቀው አንባቢ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ጨዋታ ተጫዋቹ የአንድን ባለታሪክ ሚና ተላብሶ ረጅም ታሪክ ውስጥ የሚጓዝበት ነው፤ የቃል ምልልሱ ከውጊያው የማይተናነስ ቦታ አለው። ታሪኩ የሚጀምረው ሚድጋር በምትባል ከተማ ነው። ባለጸጎቹ በምሰሶዎች ላይ በተዘረጋ ግዙፍ የብረት ሰሌዳ ላይ ይኖራሉ፤ ድሆቹ ደግሞ ፀሐይ በማያገኛቸው መንደሮች፣ ከሰሌዳው ሥር። ሺንራ የተባለው ኩባንያ በስምንት ማመንጫዎች ማኮ የሚሉትን የምድሪቱን የሕይወት ኃይል እየመጠጠ መብራት ያደርገዋል። አቫላንች የተባለ ትንሽ ቡድን፣ በባሬት መሪነትና ክላውድ በሚባል ቅጥረኛ ረዳትነት፣ የመጀመሪያውን ማመንጫ በቦምብ ያፈነዳል። ጨዋታው የሚከፈተው በዚህ ነው። ተጫዋቹ ገና መራመድ ሳይለምድ ቦምብ ያጠምዳል ማለት ነው።

ዋናውን የጨረስሁት ተማሪ ሳለሁ፣ ከጓደኛዬ በተዋስሁት ፕሌይስቴሽን ነበር። የእኅቴ ልጅ ግን የሚያውቀው አዲሱን ብቻ ነው። በቅርቡ ስለ ባሬት ስንጫወት፣

«ጋሼ፣ እነ ባሬት እኮ ማንንም አልገደሉም» አለኝ።

«ታዲያ ማን ገደለ?»

«ሺንራ ራሱ ነዋ! የእነሱ ቦምብማ ትንሽ ነበረች።»

ልጁ የሰጠኝ መልስ ከተጫወተው ጨዋታ አንጻር ፍጹም ትክክል ነው። እኔን ያሳሰበኝም ትክክል መሆኑ ነው።

በ1997ቱ ጨዋታ ማመንጫውን የሚያፈርሰው የአቫላንች ቦምብ ነው፤ ሌላ እጅ የለበትም። ቡድኑ ደስ ብሎት ወደ መሸሸጊያው ይመለሳል፤ ተጫዋቹም አብሮ ይደሰታል። ስለሞቱት ሰዎች በጊዜው ብዙ የሚነገረው ነገር የለም። ታሪኩ ወደ ፍጻሜው ሲያዘነብል ግን ሪቭ የተባለ የሺንራ የከተማ ልማት ኃላፊ፣ አሻንጉሊት ድመት ከሩቅ እየዘወረ ከቡድኑ ጋር የተቀላቀለ ሰው፣ ያንን ቀን አንሥቶ ባሬትን ፊት ለፊት ይሞግተዋል። ባሬት ለምድሪቱ ሲባል ጥቂት ሰው መሞቱ እንደማይቀር ሊያስረዳ ይሞክራል። ሪቭም ለእናንተ ጥቂት የሆነው ለሞተው ሰው ሁሉ ነገሩ እንደነበር በቁጣ ይመልስለታል። ጣት የሌላቸው፣ እንደ ካርቶን ቁርጥራጭ የተገጣጠሙ፣ ድምፅ እንኳ ያልተሰጣቸው ምስሎች እንዲህ ያለ ክርክር ገጥመው ነበር። ተጫዋቹም ቦምቡን ያጠመድሁት እኮ እኔ ነኝ ብሎ ይደነግጣል።

ዳግም ሥሪቱን በጅምላ ማጣጣል ግፍ ይሆናል። ብዙ ነገር አሻሽሏል። ውጊያው ተራ ከመጠበቅ ወጥቶ በቅጽበት የሚካሄድ ሆኗል፤ መለኪያው ሲሞላ ግን ጊዜው ይዘገይና ተጫዋቹ አስቦ ትእዛዝ ይመርጣል። ኖቡዎ ኡዬማትሱ በ1997 የደረሳቸው ዜማዎች በኦርኬስትራ ተቀናብረው ግርማ ተላብሰዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚድጋር ሕዝብ ፊት አግኝቷል። ከፍንዳታው በኋላ ክላውድ በፍርስራሽና በተሸበረ ሕዝብ መካከል ያልፋል። የቦምቧን ሠሪ የጄሲን ወላጆች ቤት እናያለን፤ አባቷ በማኮ ተመርዞ ራሱን እንደሳተ ተኝቷል። በዋናው ውስጥ ጄሲ እንዲህ ያለ ታሪክ አልነበራትም። እርግጥ ነው፣ በዋናው ጥቂት ሰዓታት የወሰደውን የሚድጋርን ክፍል ወደ ሙሉ ጨዋታ ሲለጥጡት የጠፉ ድመቶች ፍለጋን የመሰለ ጊዜ ማሳለፊያ ገብቶበታል። ይህ ግን ይቅር የሚባል ነው።

ይቅር ለማለት የከበደኝ ሌላ ነው። በ2020ው ሥሪት የአቫላንች ቦምብ ስትፈነዳ ማመንጫውን አታፈርሰውም። በሺንራ ፕሬዚዳንት ፈቃድ የኩባንያው መሣሪያዎች በማመንጫው እምብርት ላይ ተኩሰው ታላቁን ፍንዳታ ያስነሣሉ፤ ከዚያም ጥፋቱን በዐመፀኞቹና ጠላት ባሉት በዉታይ ላይ ያላክካሉ። ጄሲ ይህን አታውቅም፤ ቀመሩን አሳስቼ ይሆን እያለች ትብሰለሰላለች። ተጫዋቹ ግን ያውቃል። ባለታሪኮቹ ሲጸጸቱ እኛ ንጹሕ መሆናቸውን አስቀድመን ተነግሮናል። ሺንራ የሰባተኛውን ክፍል ሰሌዳ ድሆቹ ላይ ሲጥለውም በዋናው ውስጥ መንደሩ ከነነዋሪው ይጠፋል፣ ሦስቱ ጓዶችም ይሞታሉ። በአዲሱ ብዙ ሰው አስቀድሞ ይሸሻል፤ ዌጅ ከአደጋው ይተርፋል፣ ቢግስም በፍጻሜው በሕይወት ይታያል።

ሥልጣን ላይ ያለ ኃይል ራሱ አቃጥሎ ሌላውን አቃጠለ ማለቱ በዓለም ታሪክ የታወቀ ነው፤ ይህንን ማሳየትም ትምህርት ነው የሚል ተከራካሪ ይኖራል። አልክድም። ግን ይህ ቀላሉ ትምህርት ነው፤ ጠላታችን ክፉ መሆኑን ለማመን ማን ይቸገራል? ዋናው ጨዋታ ያስተማረን ከባዱን ነበር፦ ዓላማው የቀና፣ ጠላቱም በእርግጥ ጨካኝ የሆነ ሰው፣ በገዛ እጁ ንጹሕ ሰው ሊገድል እንደሚችልና ዕዳው ከእርሱ እንደማይወርድ።

ዳግም ሥሪቱን ባዕድ ሰዎች ሠርተውት ቢሆን ኖሮ ባልተገረምሁ። የዋናው ዳይሬክተር ዮሺኖሪ ኪታሴ የአዲሱ ፕሮዲውሰር ነው፤ ያኔ ባለታሪኮቹን የሣለው ቴትሱያ ኖሙራ ከአዲሱ ዳይሬክተሮች አንዱ ነው፤ ካዙሺጌ ኖጂማ በሁለቱም ላይ ጽፏል። ሰዎቹ ከ23 ዓመት በኋላ የወጣትነት ሥራቸውን እንደገና ተረኩት። በታሪኩ ውስጥም ነገሮች እንደ ቀድሞው እንዲሆኑ የሚጠብቁ መንፈሶች አስገብተው፣ በፍጻሜው ባለታሪኮቹ እነዚህን መንፈሶች ድል እንዲነሡ አድርገዋል። ከራሳቸው ትናንት ጋር መሟገታቸውን አልደበቁም፤ ይህ ድፍረት ያስመሰግናቸዋል። ነገር ግን ትናንትን በድጋሚ የሚተርክ ሁሉ አንድ ፈተና ይገጥመዋል። የሚወድዳቸውን ሰዎች እጅ ማጠብ ያምረዋል። የድሮ ታጋዮችን የትዝታ መጻሕፍት ያነበበ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት ብዙ ማስረጃ አያሻውም፤ ጥይት የተኮሰው ዘወትር ሌላው ወገን ነው።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። በጥበብ፣ በውበትና በሰው ፊት አሣሣል አዲሱ ይበልጣል። በኅሊና ግን አሮጌው ይበልጣል፤ ለኔ የሚመዝነውም ይኸኛው ነው። የእኅቴ ልጅ አሮጌውን እንዲጫወት መክሬዋለሁ፤ ምስሉ እንደሚያስቀው አውቃለሁ። ሪቭ ባሬትን ከሚሞግትበት ቦታ ሲደርስ ማን ገደለ የሚለውን ጥያቄ እንደገና እጠይቀዋለሁ።

ቸር ይግጠመን።